ለወጣቶች የመድረክ ንባብ ኦዲሽን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ኦዲሽን (አንባቢዎች የሚመረጡበት ፈተና) ሊካሄድ ነው ሲባል ከልጆችም ከወላጆችም ብዙ ጊዜ የሚነሡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሰናል። የየቡድኑ አሠራር በጥቂቱ ሊለያይ ስለሚችል፣ ዕድሜንና ሰዓትን በተመለከተ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

የመድረክ ንባብ ምንድን ነው? ከትያትር በምን ይለያል?

ተዋናዮች ስክሪፕቱን በእጃቸው ይዘው፣ ተመልካች ፊት ቆመው ወይም ተቀምጠው ተውኔቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብባሉ። ዲኮር የለም። ልብሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሱሪ ወይም ቀሚስና ጥቁር ሹራብ ነው። መድረኩ ላይ ወንበሮችና የስክሪፕት ማስቀመጫዎች ብቻ ይቀመጣሉ። «በሩን ከፍታ ትወጣለች» የሚለውን ዓይነት የመድረክ መግለጫ አንድ ተራኪ ጮክ ብሎ ያነብበዋል፤ ተመልካቹ በሩ ሲከፈት የሚያየው በጆሮው ነው። ሙሉ ትያትር ሁለት ሦስት ወር ልምምድ ሲፈልግ፣ ለንባብ ከ3 እስከ 6 ልምምድ ይበቃል።

ንባብ የሚዘጋጀው ብዙ ጊዜ ድርሰቱ አዲስ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰው የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ ሳልና መቁነጥነጥ እንደበዛ ይመዘግባል። ስለዚህ አንባቢ የተጻፈውን ይናገራል እንጂ የተሻለ የመሰለውን አይናገርም። ከራሱ ቃል የሚጨምር ልጅ ጎበዝ ተዋናይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ጸሐፊውን ያሳስተዋል።

መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ልሞክር?

ሞክሩ። ማስታወቂያው በሚጠቅሰው ዕድሜ ውስጥ ከሆናችሁ (ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 19 ነው) እና አንድ ገጽ አማርኛ ሳትደነቃቀፉ ማንበብ ከቻላችሁ በቂ ነው። የምትንተባተቡ ወይም ዓይናችሁ ትንሽ ፊደል የማያነብብ ከሆነ ስትመዘገቡ ተናገሩ። ትልቅ ፊደል ያለው ቅጂ ቀድሞ መስጠትም፣ ተጨማሪ ደቂቃ መፍቀድም ቀላል ነው። ሳይናገሩ ገብቶ መጨነቅ ነው ከባዱ።

ምን ይዤ ልምጣ?

እርሳስና ላጲስ፤ እስክሪብቶ አይደለም። ውኃ፤ ከተቻለ ለብ ያለ። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት የማይመቿችሁ ቀናትና ሰዓታት ዝርዝር። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ለአዘጋጁ ግን ከፎቶግራፍ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ሚና የሚከፋፈለው ማን መቼ እንደሚገኝ እየታየ ነውና። ደሴ ትበርዳለች፤ ወፍራም ልብስ ልበሱ። ደረት እየተንቀጠቀጠ ድምፅ አይረጋም።

እዚያ ስደርስ ምን ይጠብቀኛል?

ለአንድ ሰው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይመደባል። ስም፣ ክፍልና ስልክ ይመዘገባል፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ወዳሉበት ክፍል ትገባላችሁ። መጀመሪያ ያዘጋጃችሁትን መነባንብ ታቀርባላችሁ፦ 1 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ቃል ገደማ። ቀጥሎ አይታችሁት የማታውቁት የሁለት ሰዎች ንግግር ይሰጣችኋል፤ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ታነብቡታላችሁ። ሦስተኛው ክፍል አጭር ነው፣ ክብደቱ ግን ይበልጣል። አዘጋጁ «አሁን ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማሽ እየፈራሽ አንብቢው» ወይም «በጣም ደክሞሃል፤ እንደዚያ ሞክረው» ይላል። የመጀመሪያውን ንባብ ስለጠላው አይደለም። የተባለውን ሰምታችሁ መለወጥ መቻላችሁን እያየ ነው። ጥሩ ያነበበ ግን ሲደገም ያንኑ የሚያነብብ ልጅ፣ መካከለኛ አንብቦ ሲነገረው በሚለወጠው ልጅ ይቀደማል፤ በ4 ልምምድ አዲስ ድርሰት ለተመልካች ማድረስ የሚቻለው እንዲህ ካለው ልጅ ጋር ነው።

ሳልዘጋጅ አንብብ ስባል እደናገጣለሁ። ምን ላድርግ?

ቅንጭቡ (አይታችሁት የማታውቁት ንግግር) ሲሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውጭ ቆማችሁ እንድታዩት ይፈቀዳል። ያን ጊዜ በመሸምደድ አታጥፉት። መጀመሪያ የሁሉንም ሰው ንግግር በዓይናችሁ አንብቡ፤ የራሳችሁን ብቻ ካነበባችሁ ለምን እንደምትናገሩ አታውቁትም። ከዚያ «ይህ ሰው ከዚያኛው ምን ይፈልጋል?» ብላችሁ በአንድ ቃል መልሱ፦ ይቅርታ፣ ገንዘብ፣ ቁልፍ፣ እንዲሄድለት። ቀጥላችሁ እርሳስ ያዙ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው ነው፣ ሲጠብቅ ወርዱ የሰፋ። «ገና» ሲላላ እስካሁን ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ። «ይበላል» ሲላላ በዪው ነው፣ ሲጠብቅ ምግቡ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ለብቻ በዝምታ ስናነብብ አእምሯችን ራሱ ያስተካክለዋል፤ ጮክ ብለን ስናነብብ ግን አፋችን ቀድሞ ይወጣና እናርማለን፤ እርማቱ ደግሞ የገጸ ባሕርዩን ስሜት ይሰብራል። አጠራጣሪ ቃል ባያችሁበት ሁሉ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። አንድ ገጽ ላይ ከአምስት ስድስት አይበልጥም፣ የሚፈጀውም ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ መጨረሻ ላይ መውደቁ ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። «እኔ ለአባትሽ ትላንት ማታ ሁሉንም ነገር…» ብሎ ትንፋሽ ያለቀበት አንባቢ የመጨረሻዋን ቃል ሲውጣት፣ ተመልካቹ «ነገርኩት» ይሁን «ደበቅሁት» አያውቅም። ከፊት ያሉትን ስድስት ቃላት በሚያምር ድምፅ ማንበብ ይህን አያድነውም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስታዩ ከግሡ በፊት የት እንደምትተነፍሱ በትንሽ ጭረት ምልክት አድርጉ፤ ግሡን ለመናገር የሚበቃ አየር ይቅርላችሁ። መንዙማ የሚያወጡ ወይም ማኅሌት ላይ የሚቆሙ ልጆች ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ ረጅም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ መሸከም ለምደዋልና።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። 200 ቃል ያህል ያለበት ገጽ 2 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ1 ደቂቃ ከጨረሳችሁት እየሮጣችሁ ነው። ቤት ውስጥ በስልካችሁ ሰዓት ለክታችሁ ተለማመዱ።

በምሳሌ ማሳየት ይቻላል?

ይህችን ትንሽ ንግግር ውሰዱ።

እናት፦ ትላንት የት ዋልሽ?
ልጅ፦ ገበያ።
እናት፦ ትላንት እሑድ ነበር።
(ዝምታ)
ልጅ፦ አውቃለሁ።

ሰኞ ገበያን የሚያውቅ የደሴ ሰው ልጅቷ መዋሸቷ ወዲያው ይገባዋል። ብዙ ተወዳዳሪዎች ታዲያ «ገበያ» የሚለውን በውሸታም ድምፅ፣ እየተቅለሰለሱ ያነብቡታል። የሚዋሽ ሰው ግን እውነት ለመምሰል ነው የሚጥረው። ቃሉን ልክ እንደ ማንኛውም ቀን መልስ ተናገሩት፤ ውሸቱን የእናትየው ቀጣይ ንግግር ያወጣዋል። እናትን የምታነብቡ ደግሞ «ትላንት እሑድ ነበር» ላይ አትጩኹ። ጸሐፊው ያስቀመጠው አራት ነጥብ ነው፣ ቃለ አጋኖ አይደለም። «ዝምታ» የሚለውን ቃል ተዋናይ አያነብበውም፤ በልባችሁ ሁለት ቁጠሩና ያዙት። ዝምታው ውስጥ ገጽ አትግለጡ፣ ቀጣዩን መስመር አትፈልጉ። ጣታችሁ መስመሩ ላይ ካለ ዓይናችሁ ነፃ ነው። «አውቃለሁ» የሚለውን እናትን የምታነብበውን እያያችሁ ተናገሩት።

የምትመዘኑት ሌላው ሰው ሲናገር በምታደርጉት ጭምር ነው። እናት እየተናገረች አንገቷን ደፍታ የራሷን ቀጣይ መስመር የምትፈልግ ልጅ፣ ስትመልስ ያልሰማችውን ትመልሳለች፤ ከሦስተኛው ወንበርም ይታወቅባታል።

ስክሪፕቱን እንዴት ነው የምይዘው?

ለኦዲሽኑ ሁለት ሦስት ወረቀት ስለሚሆን በአንድ እጅ ይያዛል። ወረቀቱን በደረት ከፍታ፣ ከአገጭ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ ላይ ከወጣ ፊት ይሸፍናል፣ ድምፁም ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ወደ ሆድ ከወረደ ደግሞ አንገት ይታጠፋል፣ ጉሮሮ ይጠብባል። የነፃው እጅ አውራ ጣት በኅዳጉ ላይ ከመስመር ወደ መስመር እየወረደ ይከተላል። ዓይን መስመሩን ያነሣል፣ ቀና ይላል፣ ከዚያ አፍ ይናገራል። ሁሉንም ቃል ቀና ብሎ መናገር አይቻልም፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ብቻ ሰው እያያችሁ ብትናገሩ ከበቂ በላይ ነው።

ከተመረጣችሁ ሙሉው ስክሪፕት ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ በኤፎር ወረቀት፣ በአንድ ፊት ብቻ፣ ከ14 እስከ 16 በሆነ የፊደል መጠን እንዲወጣ አድርጉ። ጥጉን በስቴፕለር አትምቱት፤ ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል፣ ማይክ ካለ ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ይሰማል። በፓንች በስታችሁ ጥቁር ክላሰር ውስጥ አስገቡት። የራሳችሁን ንግግር በሃይላይተር ቀለም ቀቡት፤ የመድረክ መግለጫውን አትቀቡት፣ አለበለዚያ በስሕተት ታነብቡታላችሁ። ከእናንተ በፊት የሚናገረውን ሰው የመጨረሻ ሦስት ቃላት በእርሳስ አስምሩበት፤ መግቢያችሁ እነሱ ናቸው። ንግግራችሁ ገጽ መካከል ላይ ከተቆረጠ፣ የቀረውን ከግርጌ በእጃችሁ ጻፉትና ገጹን ሌላው ሰው ሲናገር ግለጡ። የየገጹን ታችኛ ጥግ በትንሹ ማጠፍ መግለጡን ያቀልላል።

ከስልክ ማንበብ ይቻላል?

ለልምምድ አዎ። ኦዲሽን ላይ ግን አይመከርም፤ መብራቱ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ጣት ሲነካው ገጹ ይዘልላል። ብርሃኑ ከታች ፊት ላይ ስለሚያርፍም ዓይናችሁ አይታይም።

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አንባቢ ነኝ። ይጠቅመኛል?

ጥሩ ማንበብና ማይክ አለመፍራት ይጠቅማል። የሚኒ ሚዲያ ዜማ ግን እዚህ ይጎዳል። ሰልፍ ላይ ለሺህ ተማሪ የሚነበብ ጽሑፍ እያንዳንዱን ሐረግ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሁሉን እኩል አድምቆ ይነበባል፤ ግጥም ሲነበብም እንደዚያው። ተውኔት ላይ ግን አንድ ሰው የሚያናግረው አንድን ሰው ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ መስመሩን ዘግታችሁ ሐሳቡን ለጓደኛችሁ በራሳችሁ ቃል ንገሩት፤ ከዚያ በዚያው ድምፅ የተጻፈውን አንብቡት። ልዩነቱን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

አነጋገሬ የወሎ ነው። አዲስ አበቤ መምሰል አለብኝ?

በጭራሽ። ልጅነታችሁን ሙሉ የተናገራችሁበት አማርኛ ጉሮሯችሁ ነው፤ እሱን ለመደበቅ የምታወጡት ጉልበት ገጸ ባሕርዩን ለመስማት ሊውል የሚገባው ነው። ድርሰቱ የሌላ አካባቢ ሰው ከፈለገ ቡድኑ ያስታውቃል። የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፦ «የወሎ ሰው» አንብቡ ሲባሉ በየመስመሩ «አብሽር» እየጨመሩ፣ ቃል እያለሰለሱ ማጋነን። የራስን አገር ሰው ማሳቂያ ያደርጋል።

ዘፈን መቻል አለብኝ?

አይ። ድርሰቱ እንጉርጉሮ ካለበት ሁለት ስንኝ እንድታሰሙ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ትዝታም ሆነ፣ ስማቸውን ከዚሁ ከአገራችን የወሰዱት ባቲና አምባሰልም ሆኑ፣ በመጣላችሁ ቅኝት በዝግታ አሰሙ። የዘፋኝ ድምፅ አይፈለግም።

ብሳሳት ወይም ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ?

መስመር ብትዘልሉ ተመልሳችሁ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አንብቡ፤ «ይቅርታ» ማለት አያስፈልግም። ፊት ማኮሳተርና ምላስ ማውጣት ግን ከስሕተቱ በላይ ይታያል። የእጅ መንቀጥቀጥ ወረቀቱን ያንቀጠቅጣል፤ ወረቀቱን ከጀርባው በደብተር ደግፉት፣ ይቆማል። ድምፅ የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ ደረት ላይ ብቻ ስለሚቀር ነው። ከመግባታችሁ በፊት በአፍንጫ በአራት ቁጥር ወደ ሆድ አስገቡ፣ በስድስት ቁጥር በአፍ አስወጡ፣ አምስት ጊዜ ድገሙት።

የምመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ከወረደ መኪናው በእርምጃ ነው የሚሄደው። ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀውንም ጨምሩና ከቀጠሯችሁ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ዳገቱን ሮጣችሁ ወጥታችሁ ወዲያው ብታነብቡ ትንፋሻችሁ ግሡ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ከኮምቦልቻ ሦስት አራት ሆናችሁ የምትመጡ ከሆነ ተከታታይ ሰዓት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ አብሮ መመለሱ ለወላጅም ዕረፍት ነው።

ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ምን ይደረጋል?

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ማንም አይሰማም። ጩኸት ጉሮሮ ይልጣል እንጂ ቃል አያሻግርም። ዝናቡ መካከለኛ ከሆነ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ የቃሉን ፊደላት ጥርት አድርጋችሁ አውጡ። ከባሰ አቁማችሁ ጠብቁ፤ ያ ደቂቃ ከእናንተ ጊዜ ላይ አይቀነስም፤ ከተቀነሰም በትሕትና ጠይቁ። መብራት ቢጠፋ ንባቡ በእጅ ባትሪ ይቀጥላል፤ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ እንጂ ሰው ዓይን ላይ እንዳይሆን ያዙት።

ከትምህርት፣ ከጾምና ከሶላት ጋር ይጋጫል?

ፈረቃችሁን ስትመዘገቡ ተናገሩ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ንባቡ ከፈተናው በፊት ባለው ወር ውስጥ ከሆነ ለሚቀጥለው ቆዩ ብለን በግልጽ እንመክራለን። በረመዳን ልምምድ ከአፍጥር በበቂ ሰዓት ቀድሞ እንዲያልቅ፣ ዓርብ ከጁምዓ ጋር እንዳይጋጭ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ማዘጋጀት በደሴ የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። የሚጾም ልጅ ከሰዓት በኋላ ጉሮሮው ስለሚደርቅ የጠዋት ተራ ቢይዝ ይሻለዋል።

ወላጅ ነኝ። ልጄን በምን አምኜ ልላክ?

መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ደኅና ቡድን በመጠየቅዎ አይከፋውም። ክፍሉ ውስጥ ምንጊዜም ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች አሉ ወይ? በሩ ክፍት ነው ወይ? ልምምዱ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል ወይ? ለልጅዎ የሚላከው መልእክት በእርስዎ ስልክ ወይም እርስዎ ባሉበት ግሩፕ ነው ወይ? ፎቶና ቪዲዮ ያለ ፈቃድዎ እንደማይለጠፍ በጽሑፍ ተቀምጧል ወይ? ሒጃብም ነጠላም ለንባብ እንቅፋት አይደለም፤ አውልቁ የሚባልበት ምክንያት የለም። ለኦዲሽን ገንዘብ አይከፈልም። «መመዝገቢያ» ወይም «ማሠልጠኛ» ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ። መጀመሪያው ቀን አብረው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ልጁ ሲያነብብ ግን ውጭ ይጠብቁ፤ ልጆች እናት አባት ፊት ድምፃቸው ያንሳል።

ድርሰቱ ስለ ጦርነት ቢሆንስ?

በ2014 ጥቅምት ማብቂያና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ቅንጭብ ከመስጠት በፊት ድርሰቱ ስለምን እንደሆነ ሊነገራችሁ ይገባል፤ ካልተነገራችሁ ጠይቁ። «ይህን ማንበብ አልችልም፤ ሌላ ስጡኝ» ማለት ከውድድሩ አያስወጣም፣ ምክንያቱንም የመንገር ግዴታ የለባችሁም። የምታነብቡትም ብትሆኑ የራሳችሁን ሐዘን ቆፍራችሁ እንድታወጡ የሚጠይቅ አዘጋጅን እምቢ በሉት። ቃሉ በቀስታና በግልጽ ከተነበበ ተመልካቹ የራሱን ያስታውሳል።

ውጤቱ መቼ ይታወቃል? ካልተመረጥኩስ?

ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይደወላል፤ ሁለተኛ ዙር ካለ ይነገራል። 6 ገጸ ባሕርያት ላሉት ድርሰት 30 ልጅ ከመጣ 24ቱ ይቀራሉ፤ ከነዚያ ውስጥ የተመረጡትን የሚበልጡም ይኖራሉ፤ ድምፃቸው ከሌሎቹ ስላልተለየ ብቻ የቀሩ። ሁለት ቀጭን ድምፅ እናትና ልጅ ሆነው ሲያነብቡ ተመልካች ማን እንደተናገረ ይጠፋበታል። «ምን ላሻሽል?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የመድረክ መግለጫ ተራኪነት፣ ተጠባባቂነት ወይም መድረክ ማስተባበር ቢሰጣችሁ አትናቁት። ተራኪው ከሁሉም ይልቅ ብዙ ገጽ ያነብባል፣ ተጠባባቂም በጉንፋን ወቅት መድረክ ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ከተመረጣችሁ የመጀመሪያው ልምምድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ማንበብ ነው። ጸሐፊው በዚያው ቀን መስመር ይሰርዛል፣ ቃል ይለውጣል፤ በሁለተኛው ልምምድም እንዲሁ። እርሳስና ላጲስ ያልነው ለዚህ ነው።